ቲአይ-99/4ኤ፦ በተሸጠ ቁጥር የከሰረው ኮምፒውተር

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይኸውላችሁ።

«የምኖረው ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ነው። አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ጋራዣቸውን ሲያራግፉ ጥቁርና ብርማ ቀለም ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ከነካርትሪጆቹ (ጌምና ፕሮግራም የያዙ ተሰኪ ሳጥኖች) ገዛሁ። ላዩ ላይ ‹ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ፣ ቲአይ-99/4ኤ› ይላል። ሰውየው እዚሁ ቴክሳስ እንደተሠራና ውስጡ ባለ16 ቢት ፕሮሰሰር እንዳለ ነገሩኝ። በዚያን ጊዜ እነ ኮሞዶር 64 ባለ8 ቢት ነበሩ። ታዲያ የራሱን ቺፕ የሚያመርት ትልቅ ኩባንያ፣ በቺፕ የሚበልጥ ኮምፒውተር ይዞ እንዴት ተሸነፈ? ደግሞስ ለ10 ዓመት ልጄ የሚሆን ነገር አለው ወይስ ጌጥ ነው?»

ሰውየው የነገሩዎት ልክ ነው። ፕሮሰሰሩ ባለ16 ቢት ነው፤ ማለትም በአንድ ጊዜ ከባለ8 ቢቱ እጥፍ የሆነ መረጃ ይዞ ያሰላል። ፋብሪካውም ላቦክ ነበር፤ ከእርስዎ ሰፈር በመኪና አምስት ሰዓት ቢሆን ነው። «ተሸነፈ» የሚለውን ግን ትንሽ ላስተካክል። ብዙ ሰው ይህ ኮምፒውተር ገዥ አጥቶ የቀረ ይመስለዋል። ኧረ በጭራሽ! ወደ 2.8 ሚሊዮን ተሽጧል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሽያጩ በጨመረ ቁጥር ኪሳራውም ጨመረ። ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ነው የማወራዎት። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዳላስ ለሚኖር ሰው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስን ማስተዋወቅ አይጠበቅብኝም። ባጭሩ ቲአይ እያልኩ ልቀጥል። ጃክ ኪልቢ የተቀናጀውን ሰርኪዩት፣ ማለትም ዛሬ ቺፕ የምንለውን ነገር፣ በ1958 ሠርቶ ያሳየው እዚያ ነው። በ2000 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። በ1970ዎቹ ቲአይ በካልኩሌተር ስሙ ገነነ። በ1978 ደግሞ ስፒክ ኤንድ ስፔል የሚባል፣ ለልጆች ስፔሊንግ የሚያስተምር ተናጋሪ መጫወቻ አወጣ። አንዲት ቺፕ እንደ ሰው ስትናገር መስማት ያኔ አፍ ያስከፍት ነበር። እንዲህ ያለ ኩባንያ የቤት ኮምፒውተር ሊያወጣ ነው ሲባል ማን ይችለዋል ቢባል አይገርምም።

የመጀመሪያው ሙከራ ግን ዓይን አልሞላም። ቲአይ-99/4 በ1979 ሲወጣ ዋጋው 1,150 ዶላር ነበር። ከሞኒተሩ ጋር እንጂ ለብቻው አይሸጥም። ምክንያቱ ፈገግ ያሰኛል። ኮምፒውተር ከቤት ቴሌቪዥን ጋር ሲያያዝ በአካባቢው ያለውን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይረብሻል። የአሜሪካ መንግሥት የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደግሞ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። ቲአይ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካበትን መሣሪያ ማስፈቀድ ስላልቻለ 13 ኢንች ሞኒተር አብሮ ለመሸጥ ተገደደ። ኪቦርዱም የካልኩሌተር ቁልፍ ነበር፤ ትንንሽ፣ ጫን ሲሉት ቀጭ የሚል። ካልኩሌተር ሲሠራ የኖረ እጅ ያስታውቃል። በዚህ ዋጋ በዚህ ኪቦርድ ማን ይግዛው?

በ1981 ሰኔ አካባቢ 99/4ኤ መጣ። የእርስዎ ማለት ነው። ዋጋው 525 ዶላር ሆነ፣ ትክክለኛ ኪቦርድ ተገጠመለት፣ ቴሌቪዥን ላይም መሰካት ተቻለ። ነገሩ መስመር የያዘ መሰለ።

አሁን ወደ 16 ቢቱ ልምጣ። የጥያቄዎ እምብርት እሱ ነውና።

ፕሮሰሰሩ ቲኤምኤስ9900 ይባላል። በ3 ሜጋኸርትዝ ይሠራል፣ 64 እግር አለው። አሠራሩ የተወሰደው ቲአይ ለፋብሪካና ለቢሮ ይሸጣቸው ከነበሩ ሚኒኮምፒውተሮች ነው። አንድ ለየት ያለ ጠባይ አለው። ሌሎች ፕሮሰሰሮች ሬጂስተሮቻቸውን፣ ማለትም እያሰሉበት ያለውን ቁጥር የሚይዙባቸውን ቦታዎች፣ በሆዳቸው ይይዛሉ። እሱ ግን ውጭ ሜሞሪ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ሜሞሪው ቅርብና ፈጣን ከሆነ ይህ ክፋት የለውም። ታዲያ በ99/4ኤ ውስጥ ፕሮሰሰሩ በቀጥታ የሚያገኘው ሜሞሪ ስንት ይመስልዎታል? 256 ባይት። ኪሎባይት አላልኩም፤ ባይት ነው ያልኩት። ይህን አንቀጽ ብንጽፍባት እንኳ ሳንጨርስ ትሞላለች።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 16 ኪሎባይትስ የት ሄደ? አለ። ግን ያለው በቪዲዮ ቺፑ እጅ ነው። ፕሮሰሰሩ ራሱ ዘው ብሎ ገብቶ አያነሳውም። መጀመሪያ ለቪዲዮ ቺፑ አድራሻውን ይነግራል፣ ከዚያ አንድ ባይት ይቀበላል፣ ከዚያ እንደገና አንድ ባይት። ወጥ ጥደው በርበሬው ጎረቤት ቤት ሆኖ በማንኪያ በማንኪያ እየተመላለሱ እንደማምጣት ነው። እርስዎ ወይም ልጅዎ በቤዚክ፣ ለጀማሪ በሚሆነው የፕሮግራም ቋንቋ፣ የምትጽፉት ፕሮግራም በሙሉ የሚቀመጠው እዚያ ጎረቤት ቤት ነው።

ይህ ሳያንስ ቤዚኩ ራሱ ድርብ ነው። የቤዚክ ትእዛዝ ሲጽፉ ፕሮሰሰሩ በቀጥታ አይረዳውም፤ መሃል ላይ ተርጓሚ ፕሮግራም አለ። ይህ በሁሉም የዘመኑ ኮምፒውተሮች የነበረ ነው። በ99/4ኤ ላይ ግን የዚያ ተርጓሚ ብዙው ክፍል የተጻፈው ጂፒኤል በሚባል የቲአይ ቋንቋ ነው። ጂፒኤል ደግሞ ሌላ ተርጓሚ ያስፈልገዋል። የሚቀመጠውም ጂሮም በሚባሉ፣ ከቲአይ በቀር ማንም በማያመርታቸው ቺፖች ውስጥ ነው። አስተርጓሚ ለአስተርጓሚ እየተናገረ፣ ባይት በባይት እየተመላለሰ፣ 16 ቢቱ ፕሮሰሰር በ1 ሜጋኸርትዝ ከሚሄድ ባለ8 ቢት ኮምፒውተር የባሰ ሲያዘግም ይገኛል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

እንዲህ አድርገው የነደፉት ሞኞች ሆነው አይደለም። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ የታሰበው ለሌላ፣ ርካሽ ለሆነ የቲአይ ፕሮሰሰር ነበር። ያ ቺፕ አልደረሰም። ጊዜው ሲያልቅ ያለውን ውዱን 9900 አምጥተው ለሌላ በተሰፋ ልብስ ውስጥ ከተቱት። ስለዚህ «16 ቢት» የሚለው ቃል ለማስታወቂያ ጠቀመ፣ ለፋብሪካው ወጪ ሆነ፣ ለተጠቃሚው ብዙም አልፈየደም።

ላዩን ብቻ ደግሞ አላጣጥለው። የቪዲዮና የድምፅ ቺፖቹ ጎበዞች ነበሩ። 16 ቀለም፣ በስክሪኑ ላይ በነፃነት የሚንቀሳቀሱ፣ ስፕራይት የሚባሉ 32 ትንንሽ ሥዕሎች፣ ሦስት የሙዚቃ ድምፅና አንድ የጫጫታ ድምፅ። በጎን የሚሰካ የንግግር መሣሪያም ነበረው፤ ከስፒክ ኤንድ ስፔል የተወረሰ ጥበብ ነው። ፓርሴክ የሚባለውን የጠፈር ጌም ከነንግግሩ የተጫወተ የዚያ ዘመን ልጅ እስከ ዛሬ የሴትየዋን ድምፅ አይረሳም። ካርትሪጆችዎ መሃል ካለ ዕድለኛ ነዎት።

ችግሩ ይህንን ጉብዝና መንካት መከልከሉ ነው። አብሮ የመጣው ቤዚክ ስፕራይት አያውቅም። ቺፑ ላይ 32 አሉ፣ ቤዚኩ አንዱንም አይጠራም። ለዚያ ኤክስቴንድድ ቤዚክ የሚባል ካርትሪጅ ለብቻው መግዛት ነበረብዎ፤ ዋጋው መጀመሪያ ላይ ወደ 100 ዶላር ይጠጋ ነበር። በአሴምብሊ፣ ማለትም ያለ ቤዚክ ለፕሮሰሰሩ በቀጥታ በሚጻፍበት ቋንቋ፣ ልጻፍ ካሉ ተጨማሪ ሜሞሪ። ፍሎፒ ካሉ ትልቅ የብረት ሳጥን፣ እሱ ውስጥ የሚገባ ካርድ፣ ከዚያ ዲስክ ድራይቩ። ሳጥኑ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝበት ገመድ እንደ እሳት አደጋ መኪና ቱቦ ወፍራም ስለነበር ተጠቃሚዎቹ በዚያው ስም ይጠሩት ነበር። ሁሉን አሟልቶ የገዛ ሰው ለተቀጥላው ያወጣው ገንዘብ ከኮምፒውተሩ ዋጋ በብዙ ይበልጣል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የቲአይ ስሌት እዚያ ላይ ነበር።

አሁን ወደ ተፎካካሪው፣ ወደ ኮሞዶር ሰውዬ ልሂድ።

ጃክ ትራሚዬል ፖላንድ፣ ሎድዝ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። ከአውሽቪትዝ ተርፎ አሜሪካ ገባ። የጽሕፈት መኪና ሲጠግን ቆይቶ ኮሞዶርን አቋቋመ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኮሞዶር ካልኩሌተር እየገጣጠመ ይሸጥ ነበር። ቺፑን ከማን ይገዛል? ከቲአይ።

ከዚያ ቲአይ «ቺፑን እኔ እየሠራሁ ትርፉን ሌላው ለምን ይብላው» ብሎ ራሱ በካልኩሌተር ገበያው ላይ ዘመተበት። በ1970ዎቹ አጋማሽ የቲአይ ካልኩሌተር ሱቅ ውስጥ የሚሸጥበት ዋጋ ኮሞዶር ለመሥራት ብቻ ከሚያወጣው በታች ወረደ። ገጣጣሚዎቹ አንድ በአንድ ተንኮታኮቱ። ኮሞዶርም ለጥቂት ነው የተረፈው። ትራሚዬል ቂም የሚረሳ ሰው አልነበረም። ንግድ ጦርነት ነው ይል ነበር። ከዚህ በኋላ የመጀመሪያ ሥራው የራሱ ቺፕ እንዲኖረው ማድረግ ሆነ። በ1976 ሞስ ቴክኖሎጂን ገዛ። ሞስ ማለት 6502ን የሠራው ድርጅት ነው። በ1975 በ25 ዶላር ገበያ ላይ ወጥቶ የፕሮሰሰርን ዋጋ አፈር ያስበላው ቺፕ እሱ ነው።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባል የለ? በ1981 ኮሞዶር ቪአይሲ-20ን በ300 ዶላር ይዞ አሜሪካ ገበያ ላይ ወጣ። 5 ኪሎባይት ሜሞሪ፣ በአንድ መስመር 22 ፊደል ብቻ። ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው 99/4ኤ ይበልጠዋል፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ቪአይሲ-20 ለመሥራት ርካሽ ነው። ቺፖቹ የራሱ ናቸው፣ ጥቂት ናቸው። ዋጋ ሲወርድ አብሮ መውረድ ይችላል።

በ1982 ሁለቱ ኩባንያዎች ከኮምፒውተር ሱቅ ወጥተው ኬ-ማርትና መጫወቻ መደብር ገቡ። ቲአይ ኮሜዲያኑን ቢል ኮስቢን አስተዋዋቂ አደረገ። ኮሞዶር ተዋናዩን ዊልያም ሻትነርን። በሴፕቴምበር ቲአይ ኮምፒውተሩን ለገዛ ሁሉ 100 ዶላር እመልሳለሁ አለ። ቀድሞም እየወረደ የመጣው ዋጋ በዚህ ስሌት ወደ 200 ዶላር ደረሰና ሰው ጎረፈ። በጃንዋሪ 1983 ላቦክ ያለው ፋብሪካ በቀን 5,000 ያህል ኮምፒውተር ያወጣ ነበር። ያን ጊዜ የቲአይ ኃላፊዎች ያሸነፉ ቢመስላቸው አይፈረድባቸውም።

ግን በዚያው ወር ኮሞዶር ዋጋ ቀነሰ። ቲአይ ተከትሎ 149 ዶላር አለ። በፌብሩዋሪ ሌላ መዓት መጣ። ግድግዳ ላይ የሚሰካው ትራንስፎርመር ሰው ኤሌክትሪክ ሊያስይዝ ይችላል ተብሎ ተጠረጠረና ሽያጭ ለአንድ ወር ገደማ ቆመ። ፋብሪካው ያን ሁሉ እያመረተ ሽያጭ ሲቆም የሚሆነውን እርስዎ ያስቡት። ገበያው ሲከፈት ቪአይሲ-20 ከ100 ዶላር በታች ሊወርድ ነበር። በጁን ቲአይ 99 ዶላር አለ።

እስቲ ሂሳቡን እንየው። ደንበኛው 99 ይከፍላል። ሱቁ ድርሻውን ያነሳል። ለቲአይ የሚደርሰው ከዚያ በታች ነው። ከዚያ ላይ 64 እግር ያለው ፕሮሰሰር፣ የጂሮም ቺፖቹ፣ ቪዲዮ ቺፑ፣ የራሱ የኃይል ቦርድ፣ ራዲዮ እንዳይረብሽ የተገጠመው የብረት ሽፋን፣ ላዩ ላይ ያለው አሉሚኒየም። በዚያ ዋጋ ማንም አይሠራውም። የመጨረሻዎቹ ሞዴሎች ላይ አሉሚኒየሙን ትተው ክሬም ቀለም ያለው ፕላስቲክ ያለበሱት ሳንቲም ለመቆጠብ ነው። አልረዳም።

ቲአይ ታዲያ ምን አስቦ ነው? በኮምፒውተሩ ብከስርም በካርትሪጁና በተቀጥላው አተርፋለሁ ነው ሐሳቡ። ይህ በራሱ ስህተት አይደለም። ዛሬም የጌም ኮንሶል የሚሸጡ ኩባንያዎች እንዲህ ያስባሉ። እዚህ ጋ ግን ትልቁ ጥፋት አለ፤ እኔ ከሁሉም በላይ የማስቀምጠው እሱን ነው። ቲአይ የካርትሪጁ ትርፍ አንድም ሳንቲም ወደ ሌላ ኪስ እንዳይገባ ፈለገ። የኮምፒውተሩን የውስጥ አሠራር ደበቀ። ሶፍትዌር ልሥራልህ ያለውን ሁሉ በእኔ ፈቃድ፣ በእኔ በኩል ብቻ አለ። ጂሮሙን የሚያመርተው እሱ ብቻ ስለሆነ ሌላው ሰው አቋራጭ መንገድ መፈለግ ነበረበት። ጎበዝ ፕሮግራመሮች ደግሞ ልመና አይወዱም። ወደ አፕል 2፣ ወደ አታሪ፣ ወደ ኮሞዶር ሄዱ።

የሚገርመው ነገሩ ከከፋ በኋላ እንኳ ቲአይ በሩን ይበልጥ መዝጋቱ ነው። በ1983 ያወጣቸው አንዳንድ ኮምፒውተሮች ጂሮም የሌለበትን የሌላ ድርጅት ካርትሪጅ ሲያዩ እንደሌለ ይቆጥሩታል። ይህን ከፋብሪካው ጀምሮ ነው የሠሩባቸው። ገዥ በየቀኑ ከሚሸሽ ኮምፒውተር ላይ ጌም መቀነስ! ይህን ውሳኔ በስብሰባ ላይ ማን እጁን አውጥቶ እንደደገፈው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ስለዚህ ቲአይን የጣለው ትራሚዬል ነው ሲባል ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ትራሚዬል አፋጠነው። ተወዳዳሪ ባይኖር እንኳ በኮምፒውተሩ የሚከስር፣ በሶፍትዌሩ ደግሞ ገበያውን በራሱ እጅ የሚያደርቅ ሥራ ብዙ ዕድሜ አይኖረውም።

ኮሞዶር 64ም የመጣው በዚህ መሃል ነው። በ1982 በ595 ዶላር ወጣ። 64 ኪሎባይት ሜሞሪው ፕሮሰሰሩ በቀጥታ የሚያገኘው ነው፤ ጎረቤት ማስቸገር የለም። ቪዲዮውና ድምፁ ሞስ ውስጥ የተነደፉ ቺፖች ናቸው። ያለፈቃድ ሶፍትዌር የሚጽፍለትን ማንም አልከለከለም። በ1983 ዋጋው 200 ዶላር አካባቢ ሲደርስ ለቪአይሲ-20ም ለ99/4ኤም ቦታ አልቀረም። ትራሚዬል በዚህ ጊዜ አንድ ነገር አደረገ። ማንኛውንም አሮጌ ኮምፒውተር ወይም ኮንሶል ላመጣ ሰው 100 ዶላር እቀንሳለሁ አለ። ሰው ብልጥ ነው። ታይሜክስ ሲንክሌር 1000 የምትባለውን ሚጢጢ ኮምፒውተር በ50 ዶላር ገደማ ገዝቶ፣ ካርቶኗን ሳይከፍት አምጥቶ ያስረክብ ነበር።

ጁን ላይ ቲአይ በሩብ ዓመቱ ትልቅ ኪሳራ እንደሚመጣ ሲያሳውቅ አክሲዮኑ ክፉኛ ወደቀ። ቁጥሩ ሲወጣ 119 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በቀጣዩ ሩብ ዓመትም ከ110 ሚሊዮን በላይ። ሱቆች ያልሸጡትን እየመለሱ መጋዘን ሞላ። በኦክቶበር 28፣ 1983 ቲአይ ከቤት ኮምፒውተር ሥራ ወጣሁ አለ። የሚያሳዝነውና የሚያስቀው፣ ይህ ዜና እንደተሰማ የአክሲዮኑ ዋጋ ሽቅብ ዘለለ። ዋል ስትሪት እፎይ አለ። በዚያው ዓመት የገና በዓል የቀሩት ኮምፒውተሮች በ49 ዶላር ተቸበቸቡ። ብዙ አሜሪካዊ ቤተሰብ የመጀመሪያ ኮምፒውተሩን የገዛው በዚያ ዋጋ ነው፤ ጎረቤትዎም ከነሱ አንዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ኩባንያው ዓመቱን በ145 ሚሊዮን ዶላር የተጣራ ኪሳራ ዘጋ።

አሸናፊውስ? ትራሚዬል በጃንዋሪ 1984 ከቦርዱ ሊቀመንበር ጋር ተጣልቶ ከራሱ ኩባንያ ወጣ። በዚያው ዓመት የአታሪን የኮምፒውተር ክፍል ገዝቶ የኮሞዶር ተፎካካሪ ሆነ። ኮሞዶር 64 ለዓመታት ተሸጠ፣ ኮሞዶር ግን በ1994 ከስሮ ተዘጋ። ታይሜክስም፣ ማቴልም፣ ኮሌኮም ከዚያ ዘመን የቤት ኮምፒውተር ጦርነት በጊዜ ወጥተዋል። ተሸናፊው ቲአይ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል። ወደሚያውቀው ቺፕና ካልኩሌተር ተመለሰ። ልጅዎ ሃይስኩል ሲገባ ግራፍ የሚሠራ ካልኩሌተር ግዛ ይባላሉ፤ ያኔ ስሙን ላዩ ላይ ያገኙታል። የ99/4ኤ ቪዲዮ ቺፕም አልሞተም። ኮሌኮቪዥንና የሴጋ የመጀመሪያው ኮንሶል እሱን ተጠቅመዋል፤ ኤምኤስኤክስ የሚባሉት የጃፓን ኮምፒውተሮችም እንዲሁ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። ለልጅዎ ይሆናል። እንዲያውም ደስ ይለዋል።

ሲያበሩት ጢጥ ይላል፣ ባለቀለም መስመሮችና የቴክሳስ ካርታ ያለበት ምልክት ይመጣል። ከታች ያለውን ጽሑፍ ይዩ። «1983» እና «ቪ2.2» የሚል ከሆነ ያ የተቆለፈው ሞዴል ነው፤ የአታሪሶፍት ካርትሪጆችና መሰሎቻቸው አይሠሩበትም። ብዙውን ጊዜ የተቆለፉት ክሬሞቹ ናቸው። የእርስዎ ጥቁርና ብርማ ስለሆነ ያመለጠ ይመስለኛል። ስዕል የሚወጣው ከኋላ ባለ አምስት ቀዳዳ ክብ መሰኪያ ነው። ከዚያ ወደ ኮምፖዚት የሚቀይር ገመድ ከገዙ ቢጫ መሰኪያ ያለው ማንኛውም ቴሌቪዥን ያሳየዋል። ካርትሪጅ የሚገባበት አካባቢ ይግላል፤ አይደንግጡ፣ ጠባዩ ነው።

ማንኛውንም ቁልፍ ተጭነው፣ ከዚያ 1ን ሲጫኑ ቤዚክ ይከፈታል። ስክሪኑ ውሃ ሰማያዊ ነው። ፕሮግራም ሲሮጥ ወደ ፈዛዛ አረንጓዴ ይለወጣል፣ ሲቆም ይመለሳል። ልጅ ይህን ቀለም አይቶ ብቻ ኮምፒውተሩ እየሠራ ይሁን እየጠበቀ ያውቃል። ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ ዛሬም ብዙ የለም።

መጀመሪያ የሚያሠሩትን ልንገርዎ። ፊደል ያሠሩት። ቤዚኩ ኮል ቻር የሚባል ትእዛዝ አለው። እያንዳንዱ ፊደል 8 በ8 የሆነ የነጥብ ሰንጠረዥ ነው፤ ለእያንዳንዱ ረድፍ ሁለት አሃዝ፣ በድምሩ 16 አሃዝ። በካሬ ወረቀት ላይ «በ»ን ይሳል። ከላይ አንድ ባዶ ረድፍ፣ ቀጥሎ አራት ነጥብ የሆነ ጣሪያ፣ ከዚያ ስድስት ረድፍ ሁለት እግር። ወደ ሄክሳዴሲማል፣ ማለትም በ10 ሳይሆን በ16 ወደሚቆጠር አሃዝ፣ ሲቀየር «0078484848484848» ይሆናል። በመስመር 10 ላይ ለቁጥር 128 ይህን ይስጠው። በመስመር 20 ላይ 128ኛውን ፊደል ፕሪንት ያድርግ። በመስመር 30 ላይ ወደ 30 ተመለስ ይበል፣ ስክሪኑ ላይ እንዲቆይ። ለማስቆም ፈንክሽን እና 4 ነው። በ1981 የወጣ የቴክሳስ ኮምፒውተር «በ» ሲል ያያል። 231ዱን ፊደል ባንዴ ልክተት ካለ ግን አይገባም። ቤዚኩ የሚፈቅደው ከ32 እስከ 159 ያሉትን 128 ቦታዎች ብቻ ነው። የትኞቹን እንደሚመርጥ ራሱ ይጨነቅበት፤ ፕሮግራሚንግ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ፤ አስቀድመው ያስጠንቅቁት። የመደመር ምልክት የሚጻፈው በሺፍት እና በ«=» ቁልፍ ነው። ፈንክሽን እና «=» ደግሞ «ውጣ» ማለት ነው። እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ጣት ከሺፍት ወደ ፈንክሽን ካመለጠ አንድ ሰዓት የተጻፈው ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ድራሹ ይጠፋል፣ የቴክሳስ ካርታ ብቅ ይላል። ይህን ቁልፍ ያለመረገም ያለፈ የ99/4ኤ ተጠቃሚ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ የካሴት ቴፕ ካገኙ በየመሃሉ ሴቭ ያድርግ። ቴፕ ካስጠላችሁ ኤስዲ ካርድ የሚቀበሉ አዳዲስ ካርትሪጆችን አሁንም አድናቂዎቹ እየሠሩ ይሸጣሉ፤ ብዙዎቹን የድሮ ጌሞች በእነሱ ማስኬድ ይቻላል።

ምናልባት አገር ቤት ላሉት የወንድም የእህት ልጆች ልላከው ካሉ ደግሞ፣ ትራንስፎርመሩ ለአሜሪካ 120 ቮልት የተሠራ ነው። 220 ላይ በቀጥታ እንዳይሰኩት ይንገሯቸው፤ ቮልት የሚያወርድ መቀነሻ ይግዙለት።